«ደም ብዛት» የደም መብዛት አይደለም

ሰሞኑን «የደጋ ሰውና ደም ብዛት» በሚል ርእስ የተጻፈና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ ደረሰኝ። የላከልኝ እናቱን በየወሩ ለክትትል የሚያመጣ ወጣት ሲሆን፣ የላከበትም ምክንያት እናቱ ጽሑፉ ከተነበበላቸው በኋላ ክኒናቸውን ትተው ዋግምት ለመታገም በመወሰናቸው ነበር። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ደም ብዛት ስሙ እንደሚነግረን ደም ከልክ በላይ ሲበዛ የሚመጣ ሕመም ስለሆነ መፍትሔው ደሙን መቀነስ ነው፤ የደጋ ሰው ደሙ ስለሚወፍር ከቆላው ሰው ይበልጥ ይጠቃል፤ የጤነኛ ሰው ግፊት ቀን ከሌት 120 በ80 ላይ ይቆማል፤ ግፊቱን የሚፈጥረው ልብ ብቻ ስለሆነ ልብን ማሳረፍ ይበቃል፤ ግፊት የጨመረበት ሰው በራስ ምታት ስለሚያውቀው ምልክት ከሌለው መድኃኒት አያስፈልገውም፤ የፋብሪካ መድኃኒት ደግሞ ሰውነትን ስለሚያሰንፍ እንደ ነጭ ሽንኩርት ያለ የተፈጥሮ ነገር ይሻላል። ጽሑፉ በቀና ልቡና እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ አማርኛውም ከብዙዎቻችን የጤና ባለሙያዎች አማርኛ ይሻላል። ይህም ስሕተቱን ይበልጥ ተደማጭ ስላደረገው በየነጥቡ መመለስን መርጫለሁ፤ ሁሉም ነጥብ እኩል ቦታ ስለማይገባው ግን አንዳንዱን ባጭሩ አልፈዋለሁ።

የክርክሩ ሁሉ መሠረት ስሙ ስለሆነ ከስሙ ልጀምር። «ደም ብዛት» የሚለው ስያሜ ለጆሮ ስለሚቀርብ ሁላችንም እንጠቀምበታለን፤ እኔም በካርዱ ላይ «ግፊት» ብዬ እየጻፍሁ በአፌ «ደም ብዛት» ማለቴን አልተውሁም። ችግሩ የሚመጣው ስሙን እንደ ማብራሪያ የወሰድነው ጊዜ ነው። የዚህ ስም መንትያ «ደም ማነስ» በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ሁለቱን የአንድ ሚዛን ሁለት ጫፎች አድርጎ ያያቸዋል፤ «ባለፈው ዓመት ደም አነሰሽ ተብዬ ነበር፤ ዛሬ እንዴት ደም በዛብሽ እባላለሁ?» የሚል ጥያቄ በሥራዬ ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርሁትም። ደም ማነስ የሚባለው በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሲጎድል ነው። ደም ብዛት የምንለው ደግሞ ደሙ በደም ቅዳ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ሲያይል ነው። አንዱ የደሙን ይዘት ሲነግረን ሌላው በቧንቧው ውስጥ ያለውን ውጥረት ይነግረናል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ኩላሊቱ የደከመ ሕመምተኛ ነው፤ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዝዘው ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከኩላሊት ስለሆነ ደሙ ያንሳል፣ ጨውና ውኃውን በወጉ ማስወጣት ስላቃተው ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። በጸሐፊው ትርጓሜ ብንሄድ ይህ ሰው በአንድ ጊዜ ደሙ የበዛም ያነሰም ሊሆን ነው።

በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም አለ፤ ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠበት ሰዓትም ልቡ ይህንኑ ያህል በየደቂቃው ይረጫል። ግፊቱ የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ አንደኛው ልብ በደቂቃ የሚረጨው የደም መጠን ሲሆን፣ ሁለተኛው ደሙ በመንገዱ ላይ የሚገጥመው የቧንቧ ጥበት ነው። ጓሮውን በጎማ ያጠጣ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ከቧንቧው የሚመጣው ውኃ ሳይጨምር የጎማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጫን ቢያደርገው ጎማው ይወጠራል። በሰውነታችን ውስጥ የአውራ ጣቱን ሥራ የሚሠሩት ከትልልቆቹ ደም ቅዳዎች የሚቀጠሉት፣ ግድግዳቸው ጡንቻ የለበሰ ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ናቸው። የአንዲት ቧንቧ ውስጣዊ ወርድ በግማሽ ቢጠብብ ደሙ የሚገጥመው እንቅፋት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች እኩል 5 ሊትር ደም ይዘው የአንደኛው የላይኛው ግፊት፣ ማለትም ልብ ሲጨመቅ የሚለካው፣ 110፣ የሌላኛው 180 ሊሆን ይችላል፤ አንዲት ጠብታ ደም መብዛት አላስፈለገውም። በርግጥ ጨው የሚያስቀረው ውኃ የደሙን መጠን በመጠኑ ከፍ ስለሚያደርግ የመጠን ነገር ፈጽሞ ከጉዳዩ ውጭ አይደለም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ዋግምትን በሚመለከት ጸሐፊው የሚመክሩት ከራሳቸው መነሻ የሚከተል ነው፤ በዝቷል ያሉትን መቀነስ። ይሁን እንጂ ሰውነት የተወሰደበትን ደም እንደ ትርፍ አይቆጥረውም። ደም የሚለግስ ሰው በአንድ ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰጣል፤ ከዚህ ውስጥ የፈሳሹ ክፍል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይተካል፣ ሴሎቹን ለመተካት ግን ሳምንታት ያስፈልጋሉ። በዋግምት የሚወጣው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ የሚተካውም ፈጥኖ ነው። ብዙ ደም ቢወጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ልብ ምቱን ያፈጥናል፣ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ኩላሊትም ሬኒን የተባለውን ኬሚካል ወደ ደም ይለቅቃል። ሬኒን ከጉበት የሚወጣውን ፕሮቲን ቆርጦ አንጂዮቴንሲን ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል፤ ይህም በተለይ በሳንባ ደም ሥሮች ሲያልፍ ኃይለኛ ሆኖ ይወጣና ቀጫጭን ደም ቅዳዎችን ያጠብባል፤ ከኩላሊት በላይ ያለውን ዕጢም አልዶስቴሮን እንዲያመነጭና ጨው እንዲጠራቀም ያደርጋል። እኚያ እናት የሚወስዱት ክኒን ኢናላፕሪል ነው። የኢናላፕሪል ሥራ ይህንኑ ሰንሰለት በመካከሉ መበጠስ ነው። እንግዲህ በጽሑፉ ምክር መሠረት ሰንሰለቱን የሚበጥሰውን ክኒን አስቀምጠው፣ ሰንሰለቱን የሚቀሰቅሰውን ነገር ሊያደርጉ ነበር ማለት ነው።

ስለ ደጋ ሰው ደም መወፈር የተጻፈው ከሌሎቹ ነጥቦች ሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ እኛው የአማራ ደገኞች ለዓለም ሳይንስ ያልተጠበቀ መልስ የሰጠን ሰዎች ነን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ይወጣል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው ሄሞግሎቢናቸው ስለሚጨምር ደማቸው በእርግጥ ይወፍራል። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮች የሄሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖሩ ሰዎች ልክ ያልወጣ ሆኖ ተገኝቷል። ሰሜን ከመንዝ ሩቅ ነው፤ ጸሐፊው ግን የሚናገሩት ስለ ደጋ ሰው በጠቅላላው ስለሆነ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ያልወፈረ ደም ደብረ ብርሃን ላይ የሚወፍርበትን ምክንያት ማስረዳት የእርሳቸው ድርሻ ነው።

በደጋው ላይ ግፊትን በእርግጥ የሚነካው ነገር በጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም፤ እርሱም ብርድ ነው። በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ከቤት ስንወጣ ሰውነት ሙቀቱን ላለማባከን በቆዳ ሥር ያሉትን ደም ሥሮች ያጠብባቸዋል፤ ጣታችን የሚገረጣውም ስለዚህ ነው። ከቆዳው የሸሸው ደም ወደ ደረትና ወደ ሆድ ይሰበሰባል፤ ግፊትም ከፍ ይላል። ከዚያ የሚከተለውን የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ውኃ ሳንጠጣ ሽንት ያመላልሰናል። ወደ መካከል የተሰበሰበው ደም ለሰውነት የበዛ ፈሳሽ መስሎ ስለሚታየው፣ ሽንትን የሚይዘውን ሆርሞን ቀንሶ ትርፍ የመሰለውን ውኃ በኩላሊት በኩል ያስወጣል። ግፊትን ለማስተካከል የሚደረገው የኩላሊት ሥራ ይህን ያህል ለዓይን ቅርብ ሆኖ የሚታይበት ሌላ አጋጣሚ አላውቅም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ላክል። እኚያው እናት ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ መጡ። ከመኪና ወርደው ዳገቱን በእግር ወጥተዋል፤ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ አንዲት ወጣት ባልደረባችን የሹራቡን እጅጌ ወደ ላይ ጠቅልላ ከጥቅሉ በታች ማሰሪያውን አስራ ስትለካቸው 172 በ98 ወጣ። ሹራቡን አስወልቀን፣ ወንበሩን ደገፍ ብለው እግራቸውን መሬት አስነክተው፣ ክንዳቸውን በልባቸው ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ ሳይነጋገሩ 10 ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ በባዶ ክንዳቸው ለካናቸው፤ 146 በ88 ሆነ። በመካከሉ የዋጡት ክኒንም የወጣ ደምም የለም።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ይወስደኛል፤ የጤነኛ ሰው ግፊት ሁልጊዜ 120 በ80 ላይ ይቆማል ወደሚለው። በነገራችን ላይ ይህን ቁጥር በክንድ ላይ በሚታሰር ማሰሪያ መለካት የተጀመረው ቅርብ ነው፤ ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም መሣሪያውን ያስተዋወቀው በ1896 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም የሀገሩ ጦር ዓድዋ ላይ በተሸነፈበት ዓመት ነው፤ የታችኛውን ቁጥር፣ ማለትም ልብ በምቶቹ መካከል ሲላላ ያለውን ግፊት፣ በማዳመጫ ለመለየት ደግሞ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ በ1905 እ.ኤ.አ. መንገዱን አሳየ። መሣሪያው ከመጣ ወዲህ የታወቀው ነገር ቢኖር ግፊት ቆሞ የማያውቅ መሆኑ ነው። ስንተኛ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ዝቅ ይላል፤ ዳገት ስንወጣ ይጨምራል፤ ስንቆጣም እንዲሁ። ጤነኛ ሰውነት የሚታወቀው ለውጡን ፈጥኖ በማረሙ ነው።

የዕርማቱን ፍጥነት ማየት የሚፈልግ ሰው ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። ምእመኑ ከማለዳ ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምስ ይሰግዳል፤ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይነሣል፣ መልሶ ይወድቃል። ሰው ከወደቀበት ብድግ ሲል ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ደም በስበት ተስቦ ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚቀንስም ወደ አንጎል የሚሄደው ግፊት ለአፍታ ይወርዳል። በአንገታችን ግራና ቀኝ ባሉት ደም ቅዳዎች መከፈያ ላይና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ቅስት ላይ፣ የግድግዳውን መለጠጥ የሚያዳምጡ የነርቭ ጫፎች አሉ። ግፊቱ ሲወርድ የመለጠጡ ወሬ ይቀንስባቸዋል፤ ይህም በነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ግንድ ይደርስና ከዚያ የሚወጣው ትእዛዝ ልብን ያፈጥናል፣ ደም ሥሮችንም ያጠብባል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ሰጋጁ ቀና ብሎ ትንፋሹን ሳይሰበስብ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። አንድ ሰው በዕለቱ መቶ ጊዜ ቢሰግድ ይህ ሥርዓት መቶ ጊዜ ይሠራል፤ እርሱ ግን አንዱንም አያውቀውም። የሚያውቀው ሲከሽፍበት ብቻ ነው፤ ውኃ ያጠረው፣ በዕድሜ የገፋ ወይም ውኃ የሚያስወጣ ክኒን የሚወስድ ሰው ከስግደት ሲነሣ ዓይኑ ይጨልምበታል። ቆሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ እንደ ሕመም የምንቆጥረው ይህንን ነው። ክኒን የሚወስዱ ሰዎች በጾም ሰሞን ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ የምንወተውተውም ለዚሁ ነው፤ ክኒኑን በራስ ሥልጣን ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

ግፊትን የሚፈጥረው ልብ ብቻ ነው የሚለውን ከላይ ከተባለው በኋላ ብዙ ማስረዘም አያስፈልግም። ልብ ራሱ ግፊትን ከሚቀንሱት አንዱ ነው፤ የላይኛዎቹ ክፍሎቹ በበዛ ደም ሲለጠጡ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወጣ የሚያደርግ ሆርሞን ያመነጫሉ፤ የዚህም ነገር ዱካ የተገኘው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ደም ሥሮችም ከውስጥ ሽፋናቸው ናይትሪክ ኦክሳይድ እየለቀቁ ራሳቸውን ያሰፋሉ፤ ይህን የደረሱበት ሦስት ሳይንቲስቶች በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል።

ለረጅም ጊዜ ግፊቱን የሚወስነው ግን ኩላሊት ነው። የአንገቱ ነርቭ በሰከንድ ይሠራል፣ ሆርሞኖቹ በደቂቃና በሰዓት፣ ኩላሊት ደግሞ በቀናት። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርተው ከዚያ ውስጥ በሽንት የሚያስወጡት አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረውን ወደ ደም ይመልሱታል። ከዚህ ግዙፍ ሒሳብ ውስጥ በየቀኑ ጥቂት ጨው ቢቀር አብሮት ውኃ ይቀራል፣ ግፊቱም ቀስ ብሎ ይወጣል። ጸሐፊው ወደ እውነቱ የቀረቡት ጨው ቀንሱ ባሉበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ምክንያቱን «ጨው ደምን ያበዛል» ብለው አለፉት እንጂ ምክሩን እኔም እፈርምበታለሁ። በእኛ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከአፋር የሚወጣው አሞሌ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ሸዋ ደጋ ይገባ በነበረበት ዘመን ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ ዛሬም በየገጠሩ ቡና በጨው ይጠጣል፣ ለእንግዳ ያለ ጨው ቡና ማቅረብም እንደ ንፉግነት የሚታይበት ቤት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ከወጡ፣ ከዳቦውና ከሚጥሚጣው በፊት ሦስት ስኒ የጨው ቡና የጠጣ ሰው የቀኑን ድርሻ ገና ከማለዳው መብላት ጀምሯል።

የቀሩት ሁለት ነጥቦች፣ ማለትም ግፊት በራሱ ይታወቃል የሚለውና መድኃኒት ያሰንፋል የሚለው፣ መሠረታቸው አንድ ስለሆነ አብሬ እመልሳቸዋለሁ። ከላይ የጠቀስኋቸው የአንገት ነርቮች አንድ ጠባይ አላቸው፤ የሚጠብቁት የለመዱትን ግፊት ነው። ግፊቱ ከፍ ብሎ ለቀናት ከቆየ እነርሱም ልካቸውን ከፍ አድርገው አዲሱን ቁጥር እንደ ትክክለኛ ይቆጥሩታል። ከዚያ በኋላ 170 ላይ የተቀመጠ ሰው ነርቮቹ ጸጥ ብለው ይኖራሉ፤ ራሱን አያመውም፣ እርሻውን ያርሳል፣ ገበያው ይሄዳል። ጉዳቱ ያለ ድምፅ በኩላሊቱ፣ በዓይኑ፣ በልቡና በአንጎሉ ደም ሥሮች ላይ ይጠራቀማል። ብዙ ሕመምተኛ ግፊት እንዳለበት የሚያውቀው ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ሲለካ ነው። ራስ ምታት ያለበት ሁሉ ግፊት አለበት ማለት አይደለም፤ ግፊት ካለባቸውም አብዛኞቹ ራሳቸውን አያማቸውም።

ክኒን የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካምና መፍዘዝ የሚሰማውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ግፊቱ ወደ ጤናማው ሲወርድ ከፍታውን የለመደው ሥርዓት ነገሩን እንደ ጉድለት ያየዋል። ጸሐፊው «ስንፍና» ያሉት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቀስ ተብሎ ከተወረደ ነርቮቹ እንደገና ልካቸውን ያወርዳሉ፤ መድኃኒቱ በአነስተኛ መጠን የሚጀመርበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ክኒኑ ሲቆም ግፊቱ የሚመለሰው ግን ሰውነቱ ስለሰነፈ አይደለም፤ ግፊቱን ከፍ ያደረገው ምክንያት ስላልጠፋ ነው። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ የልብ ምትንና ግፊትን በኃይል ስለሚያስነሡ የጸሐፊው ምክር በእነርሱ ላይ ከሌላው ይልቅ ያሰጋል። «የፋብሪካ ነው» ለተባለው ደግሞ፣ የኢናላፕሪል ታላቅ ወንድም የሆነው ካፕቶፕሪል የተቀመረው በብራዚል ከሚገኝ እፉኝት መርዝ ላይ ከተገኘ ፍንጭ ነው። ነጭ ሽንኩርት ከተፈጥሮ በመምጣቱ ብቻ የሚታመን ከሆነ እባቡም ከዚያው ነው የመጣው።

እኚያን እናት በሚመለከት፣ ልጃቸው ይህን ሁሉ በቃል ከነገራቸው በኋላ ወደ ክኒናቸው ተመልሰዋል፤ የዋግምቱንም ቀጠሮ ትተዋል። «ደሜ ካልበዛ ምን ሆኜ ነው ታዲያ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበርና የጎማውን ምሳሌ ነገርኋቸው፤ ጓሮ የሚያጠጣው ልጃቸው ስለሆነ ለማረጋገጥ ወደ እርሱ ዞር ብለው አዩት። የቀረን የቡናው ጨው ነው። በረካውን ያለ ጨው ለመጠጣት ተስማምተዋል፣ ቶናውንም እያሰቡበት ነው፤ በአቦሉ ግን እስካሁን አልተግባባንም።